ማን መረጠው? የብራውዘሮች ፉክክርና የተጠቃሚው ድምፅ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 መስከረም መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 የተባለውን ብራውዘሩን ለማስተዋወቅ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ድግስ ደገሰ። በዚያው ሌሊት የኩባንያው ሰዎች ለድግሱ የተሠራውን ግዙፍ የ«ኢ» ምልክት ጭነው እስከ ማውንቴን ቪው ከተማ ሄዱና ከተቀናቃኛቸው ከኔትስኬፕ ደጃፍ ሣሩ ላይ አቁመውት ተመለሱ። ሲነጋ የኔትስኬፕ ሠራተኞች ምልክቱን ገፍትረው ጣሉት፤ በላዩም ሞዚላ የሚሉትን የኩባንያቸውን የዳይኖሰር አርማ አቆሙበት። ዳይኖሰሩም «ኔትስኬፕ 72፣ ማይክሮሶፍት 18» የሚል ሰሌዳ ያዘ። ቁጥሮቹ የሁለቱ የገበያ ድርሻ በመቶኛ ነበሩ።

አምስት ዓመት ቆይቶ ከመቶ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ከ90 በላይ የሚሆነው ኤክስፕሎረርን ይጠቀም ነበር። ኔትስኬፕ ከጨዋታ ውጭ ሆኗል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሕዝብ ሁለቱን አወዳድሮ፣ የተሻለውን ለይቶ ነው ሐሳቡን የቀየረው? ጥቂቱ አዎ። አብዛኛው ግን ኮምፒውተሩን ሲከፍት ያገኘውን ተጠቀመ። የብራውዘር ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ በዋናነት «ቀድሞ የተጫነው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። ተጠቃሚው በእርግጥ የመረጠባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት በመሆናቸውም በደንብ ሊተረኩ ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ስዊዘርላንድ የሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማእከል፣ ሰርን ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ የመጀመሪያውን ብራውዘር በ1990 እዚያ ሠራ። ብራውዘሩ ገጽ ለማንበብ ብቻ ሳይሆን ለመጻፍም ያገለግል ነበር፤ ችግሩ ኔክስት በተባለው ውድና ብርቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሥራቱ ነው። በሚያዝያ 1993 ሰርን ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና ሞዛይክን አወጡ። ሞዛይክ ሥዕሉን ከጽሑፉ ጋር በአንድ ገጽ ያሳይ ነበር፤ ሲጫንም አያስቸግርም። ድር ከተመራማሪዎች ቢሮ ወጥቶ ተራው ሰው ቤት የገባው ያን ጊዜ ነው።

አንድሪሰን ተመርቆ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ ጂም ክላርክ የተባለ ባለሀብት አገኘና በ1994 ኩባንያ አቋቋሙ። ኔትስኬፕ ናቪጌተር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወጣ። በነሐሴ 1995 አክሲዮኑ ለሕዝብ ሲቀርብ የመነሻ ዋጋው 28 ዶላር ነበር፤ በዚያው ቀን እስከ 75 ደርሶ በ58 ዶላር ከ25 ሳንቲም ተዘጋ። ኩባንያው ገና ትርፍ የሚባል አላገኘም ነበር። ዛሬ ድረ ገጾች ተጠቃሚን የሚያስታውሱበት «ኩኪ» የዚህ ቤት ሥራ ነው። ብሬንዳን አይክ በ1995 በ10 ቀን ገደማ የመጀመሪያ ቅርጹን የሠራለት ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም እንዲሁ። ኔትስኬፕን ያነገሠው ቀድሞ መጫኑ አልነበረም፤ ሰዎች በቀርፋፋ የስልክ መስመር እየጠበቁ አውርደው ወይም በሱቅ ገዝተው ያስገቡት ነበር። ከጥቂቶቹ የእውነተኛ ምርጫ ጊዜያት የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ አስቂኝ ቅርስ አለ። ብራውዘር አንድን ድረ ገጽ ሲጠይቅ ማንነቱን የሚናገርበት አጭር የመታወቂያ ጽሑፍ ይልካል። ኔትስኬፕ ራሱን «ሞዚላ» ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። የገጽ ባለቤቶች አዲስና ያማረውን ገጽ ሞዚላ ላለ ብቻ፣ ደረቁን ለሌላው መላክ ጀመሩ። ማይክሮሶፍት ይህን ሲያይ ኤክስፕሎረር «እኔም ሞዚላ ነኝ» እንዲል አደረገው፤ እውነተኛ ስሙን በቅንፍ ውስጥ ደበቀለት። ከእሱ በኋላ የመጡትም ተራ በተራ የቀደመውን ስም እየተዋሱ የራሳቸውን ጨመሩበት። የዛሬው ክሮም መታወቂያ ሞዚላን፣ አፕል ዌብኪትን፣ ኬኤችቲኤምኤልንና ጌኮን ጠርቶ ነው ወደ ራሱ ስም የሚደርሰው፤ ከራሱ ስም ኋላም ሳፋሪን ይጠራል። ዘር ቆጠራ ይመስላል፤ ልዩነቱ ከተቆጠሩት አያቶች አንዳንዶቹ ጨርሶ ዘመድ አለመሆናቸው ነው።

ወደ ፍልሚያው እንመለስ። በግንቦት 1995 ቢል ጌትስ ኢንተርኔት ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ እንደሆነ ለሥራ አስኪያጆቹ በማስታወሻ ጻፈ። ማይክሮሶፍት ብራውዘርን ከባዶ ለመሥራት ጊዜ አልነበረውም፤ ስለዚህ ስፓይግላስ ከተባለ ኩባንያ የሞዛይክን ፈቃድ ገዝቶ ነበር። ውሉ ለስፓይግላስ ከሽያጭ የሚታሰብ ክፍያ ይሰጠዋል። ማይክሮሶፍት ግን ኤክስፕሎረርን አልሸጠም፤ በነጻ ሰጠ። ካልተሸጠ ነገር ምን ይታሰባል? ስፓይግላስ ተከራክሮ በ1997 መጀመሪያ በ8 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ንግድ የበለጠ ብልጠትና የበለጠ ጭካኔ አንድ ላይ የተገኙበት ውል ማግኘት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የመጣው የቦታ ሽሚያ ነበር። ኮምፓክ የተባለው ኮምፒውተር አምራች በሚሸጣቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ የኤክስፕሎረርን ምልክት አንሥቶ የኔትስኬፕን ሲያስቀምጥ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፈቃዱን እንደሚያቋርጥበት በ1996 በጽሑፍ አስታወቀው። ዊንዶውስ የሌለው ኮምፒውተር ያኔ ማን ይገዛል? ኮምፓክ ምልክቱን መለሰ። በመጋቢት 1996 አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ትልቁ የኢንተርኔት አቅራቢ ከኔትስኬፕ ጋር መስማማቱን አስታወቀ፤ በማግስቱ ደግሞ ዋናው ብራውዘሩ ኤክስፕሎረር እንደሚሆን ከማይክሮሶፍት ጋር ተዋዋለ። በምላሹ የራሱ ምልክት በዊንዶውስ ውስጥ ቦታ አገኘ። በነሐሴ 1997 ስቲቭ ጆብስ ቦስተን ላይ በተካሄደው የማክ ተጠቃሚዎች ጉባኤ ማይክሮሶፍት በአፕል 150 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያፈስና ኤክስፕሎረር የማክ ቀዳሚ ብራውዘር እንደሚሆን ሲናገር አዳራሹ በጩኸት ተቃወመ። ጩኸቱ የውሉን አንዲት መስመር አልቀየረም።

ለእውነቱ ከሆነ ኤክስፕሎረር 4 መጥፎ ብራውዘር አልነበረም። ኔትስኬፕ በየጊዜው እየከበደና እየተንቀረፈፈ ሲሄድ፣ የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ያን ጊዜ ጎን ለጎን ያስተያዩ ገምጋሚዎችም ይህን አልካዱም። የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 1998 ማይክሮሶፍትን የከሰሰው ምርቱ ስለከፋ ሳይሆን ገበያውን የያዘበት መንገድ ስላጠያየቀ ነው። ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በሰኔ 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ፤ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመክፈሉን ትእዛዝ ሻረ፣ ጉዳዩም በስምምነት አበቃ። ኔትስኬፕ ቀድሞ ለአሜሪካ ኦንላይን ተሽጦ ነበር። ከመሸጡ በፊት ግን በመጋቢት 1998 የብራውዘሩን የፕሮግራም ጽሑፍ ለዓለም በነጻ ለቀቀ። ያ ውሳኔ ኩባንያውን አላዳነም፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ፍሬ ያፈራው ግን እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ወደ ኢንተርኔት የገባችው ይህ ሁሉ ትግል በተፋፋመበት ወቅት፣ በጥር 1997 በቴሌ በኩል ነው። የኢንተርኔት ካፌዎች በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ሲበዙ ግን ፉክክሩ አልቆ ነበር። የካፌው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ ብራውዘሩም ሰማያዊው «ኢ»። ያንን ምልክት ሁለት ጊዜ መጫን ለብዙ ሰው «ኢንተርኔት መክፈት» ማለት ነበር፤ ብራውዘር የሚባል ነገር በመካከል እንዳለ የሚያስታውስ አልነበረም።

ለአማርኛ አንባቢ ከብራውዘሩ የባሰ ችግር ፊደሉ ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች ሁሉ የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ገጹ የተጻፈበት ፎንት በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ድርድር ነው። ፎንትን ከገጹ ጋር አብሮ ለመላክ ኔትስኬፕ 4ም ኤክስፕሎረር 4ም ዘዴ አቅርበው ነበር፤ ሁለቱ ዘዴዎች ግን አይጣጣሙም። አንድ የአማርኛ ድረ ገጽ ለሁሉም ይነበብ ከተባለ አንዱን ፎንት በሁለት ዓይነት ማዘጋጀት ሊያስፈልግ ነው። የማውንቴን ቪው ጠብ እዚህ ድረስ ዋጋ ያስከፍል ነበር ማለት ይቻላል።

መፍትሔው ከብራውዘሮቹ ውጭ መጣ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል የራሱን መደብ ሰጠው፤ 345 ምልክቶች ገቡ። ሆኖም መደቡ መኖሩ ብቻውን አያሳይም፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚሥልበት ፎንት ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ኤክስፒ አብሮት የሚመጣ የግእዝ ፎንት አልነበረውም፤ አንባቢው ፈልጎ ካላስገባ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደሩለታል። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነው ሳጥኖቹ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር መጥፋት የጀመሩት። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት አንድ አማርኛ አንባቢ ብራውዘሮችን ቢያወዳድር መለኪያው ፍጥነት ሳይሆን «የትኛው ያነብልኛል?» የሚል ይሆን ነበር።

ሁለተኛው እውነተኛ ምርጫ የመጣው በ2004 ነው። ማይክሮሶፍት በ2001 ኤክስፕሎረር 6ን ካወጣ በኋላ ተፎካካሪ ስላልነበረው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ሰባተኛው እስኪወጣ አምስት ዓመት አለፈ። በመሐል ብቅ ባይ ማስታወቂያዎች ገጹን ይወርሩት፣ ቫይረሶች በብራውዘሩ ቀዳዳ ይገቡ ነበር። በ2004 ክረምት የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ቡድን ለአንድ የኤክስፕሎረር ቀዳዳ ከዘረዘራቸው መፍትሔዎች አንዱ «ሌላ ብራውዘር መጠቀም» የሚል ነበር። ከኔትስኬፕ አመድ የተነሣው ፋየርፎክስ 1.0 በዚያው ዓመት ኅዳር ወጣ። ማስታወቂያዎቹን ያግዳል፣ በአንድ መስኮት ብዙ ገጽ ይከፍታል፣ ዋጋ የለውም። ደጋፊዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በታኅሣሥ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሁለት ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አሳተሙ፤ በገጾቹም ወደ 10,000 የሚጠጉ የአዋጪዎች ስም ተጽፏል። ዓመት ሳይሞላ 100 ሚሊዮን ጊዜ ወረደ። በየቤተሰቡ አንድ ኮምፒውተር የሚገባው ልጅ ነበረ፤ የወላጆቹን ብራውዘር የቀየረውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ኖርዌጂያን ነው። ኦፔራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴሌኖር ከተባለው የኖርዌይ ቴሌኮም ውስጥ ወጣ። በኮምፒውተር ላይ ጥቂት ግን ቀናተኛ ወዳጆች ነበሩት፤ ለዓመታትም በክፍያ ወይም ከማስታወቂያ ጋር ይሰጥ ነበር። መሪው ዮን ፎን ቴትስነር ቀልደኛ ሰው ነበሩ፦ በሚያዝያ 2005 ስምንተኛው ኦፔራ በአራት ቀን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከወረደ ከኖርዌይ አሜሪካ እዋኛለሁ፣ መንገድ ላይም አይስላንድ እናቴ ቤት ገብቼ ትኩስ ቸኮላት እጠጣለሁ ብለው ተወራረዱ። ቁጥሩ ሞላ። እሳቸውም ቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ገቡ፤ አጃቢያቸው የተሳፈረባት የጎማ ጀልባ ተበሳታ ጉዞው ገና ሳይጀመር አበቃ።

የኦፔራ ትልቁ ሥራ ግን በ2006 መጀመሪያ ለዓለም የቀረበው ኦፔራ ሚኒ ነው። ስልኩ ገጹን በቀጥታ አይከፍትም፤ የኦፔራ አገልጋይ ኮምፒውተር ገጹን ቀድሞ ይከፍትና እስከ 90 በመቶ አጭቆ ይልከዋል። በቁልፍ የሚሠራ ትንሽ ስልክ፣ ደካማ ኔትወርክና የሚያልቅ ካርድ ላለው ሰው ይህ ከማንኛውም የፍጥነት ውድድር ይበልጣል፤ በአፍሪካና በእስያ ብዙ ሕዝብ ኢንተርኔትን የተዋወቀው በዚህች ቀይ «ኦ» ነው። ቅንብሩ ውስጥ የተደበቀ አንድ አማራጭ ደግሞ ነበረ፦ ስልኩ የማያውቀውን ፊደል አገልጋዩ በሥዕል መልክ ሥሎ እንዲልክ ያዛል። የግእዝ ፎንት በሌለው ስልክ አማርኛ ማንበብ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነበር፤ አሠራሩን የሚያውቅ ለማያውቀው እያሳየ ተዳረሰ። ሰው ብራውዘርን አወዳድሮ፣ ለምን እንደሚፈልገው አውቆ መረጠ ከተባለ እንዲህ ያለው ነው።

ያው ኦፔራ በታኅሣሥ 2007 ማይክሮሶፍትን ለአውሮፓ ኮሚሽን ከሰሰ። ውጤቱ እንግዳ ሙከራ ነበር፦ ከመጋቢት 2010 ጀምሮ በአውሮፓ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች 12 ብራውዘሮች የተደረደሩበት የምርጫ ገጽ ይመጣላቸው ጀመር። አምስቱ ታዋቂዎች ከፊት፣ በዕጣ ተራ ይሰለፋሉ። ዕጣውም ወዲያው አነጋገረ፤ ተራውን የሚያወጣው ፕሮግራም በትክክል ዕጣ እንደማያወጣና አንዳንዱን ብራውዘር ወደ አንድ ቦታ እንደሚያደላ በፍተሻ ተገኘ። ከዚያ የባሰው ገጹ ራሱ መጥፋቱ ነው። ከግንቦት 2011 እስከ ሐምሌ 2012 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰው ሳያየው ቀረ፤ ማይክሮሶፍት የቴክኒክ ስሕተት ነው አለ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 2013 561 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

ቅጣቱ ሲፈጸም ግን ባለጋራው ተቀይሮ ነበር። ጉግል ክሮምን በመስከረም 2008 ሲያወጣ ስኮት መክላውድ የሣለው 38 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ጥቂት ቅጂዎች ከታሰበው ቀን ቀድመው በፖስታ ደርሰው ምሥጢሩ አፈተለከ። ክሮም ፈጣን ነበር፣ አንዱ ገጽ ቢበላሽ ሌላው አይዘጋም፣ ሳያስቸግር ራሱን ያድሳል። በጎነቱ የማያከራክር ነው። ነገር ግን ዓለም በየቀኑ በሚከፍተው የጉግል መፈለጊያ ገጽ ላይ መተዋወቁና በኋላም ከአንድሮይድ ስልኮች ጋር መምጣቱ ባይኖር ጥራቱ ብቻውን ይህን ያህል ርቀት አይወስደውም ነበር። ስታትካውንተር በተባለው ቆጣሪ መሠረት በግንቦት 2012 ኤክስፕሎረርን በለጠ፤ ዛሬ ከዓለም የብራውዘር አጠቃቀም ከግማሽ በላይ የእሱ ነው።

ኤክስፕሎረር በሰኔ 2022 ተሰናበተ። የባንክና የመንግሥት አገልግሎቷን ለዓመታት በእሱ ላይ አስራ የኖረችው ደቡብ ኮርያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ግዮንግጁ ከተማ ከሚገኝ ካፌ ጣሪያ ላይ የመቃብር ድንጋይ አቆመለት፤ ጽሑፉም ሌሎች ብራውዘሮችን ለማውረድ ጥሩ መሣሪያ እንደነበረ የሚመሰክር ነው።

ቀድሞ ተቀምጦ የመገኘት ዋጋ ስንት እንደሆነ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቁጥር ታውቋል። ጉግል የአፕል ብራውዘር በሆነው በሳፋሪ ላይ ቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ ለመቆየት በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዳኛ አሚት ሜታ በነሐሴ 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያው ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ሲሉ ፈረዱ፤ በመስከረም 2025 ግን ክሮምን እንዲሸጥ አላዘዙም።

ዛሬ ብራውዘር ላወዳድር የሚል ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፦ ስሞቹ ብዙ ይሁኑ እንጂ ከውስጥ ሆነው ገጹን የሚሠሩት ዋና ሞተሮች ሦስት ናቸው። ኦፔራ የራሱን ሞተር በ2013 ትቶ የክሮምን ወሰደ፤ የማይክሮሶፍት ኤጅም በጥር 2020 ተከተለው። ብሬቭ፣ ቪቫልዲና የሳምሰንግ ብራውዘር እዚያው ናቸው። የአፕል ሳፋሪ ሁለተኛው፣ ፋየርፎክስ ሦስተኛው ነው። ኤጅን ከክሮም፣ ክሮምን ከብሬቭ ማስተያየት ስለ ማስታወቂያ እገዳ፣ ስለ ግል መረጃና ስለ ውጫዊ አቀማመጥ ይነግራል፤ ገጹን የሚሠራው ግን አንዱ ሞተር ነው። በዚህ ጸሐፊ ፍርድ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ላይ ፋየርፎክስ ምርጫነቱ የሚቀድመው ከሌሎቹ በሁሉም ነገር ስለሚበልጥ አይደለም፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ይዘገያል፣ ዋናው ገቢውም ከጉግል የሚመጣ ነው። ነገር ግን ጉግል፣ ማይክሮሶፍትም ሆነ አፕል ያልያዙት ሞተር ያለው ብቸኛው ታዋቂ ብራውዘር እሱ ነው። አንባቢ ሌላ ቢመርጥም ይምረጥ፤ ብቻ የስልኩን ቅንብሮች ከፍቶ «ነባሪ መተግበሪያዎች» የሚለው ውስጥ ይግባና የተቀመጠውን ብራውዘር ማን እንዳስቀመጠው አንድ ጊዜ ይመልከት።